የአባባ ቼን አውራጃ

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከአገር ቤት ደውላ ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠባት የከብቱንም የእህሉንም ወሬ ካደረሰችኝ በኋላ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ደግሞ እኮ ቀበሌያችን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ስሙም ተቀይሯል» አለችኝ። አዲሱን ስም ነገረችኝ። እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት፤ ደገመችልኝ፤ ያኔም አልያዝኩትም። «ምን ያስቅሻል?» አለች። ለካ እየሳቅኩ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እዚህ ጂቡቲ፣ ዋራበሌ ሰፈር ባለችው ቤቴ ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። ልጄ ሊዲያ አየችኝና «ማማ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። እሷ ጂቡቲ የተወለደች ናት፤ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛ ትናገራለች፤ አማርኛዋ የሚወጣው ከእኔ ጋር ስትጣላ ነው። «ማንም አልሞተም» አልኳት። አባባ ቼንን እያሰብኩ ነበር።

አባባ ቼን ቻይናዊ ነበሩ። እሳቸውን ሳውቅ እኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ከጋይንት ወልዲያ፣ ከወልዲያ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ፣ እንደ ዘመኔ ልጆች ሁሉ በደላላ እጅ ተንከባልዬ ጂቡቲ ገባሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ካሉ የሐረር ነጋዴዎች ዘንድ ነው። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ቤቱ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ፣ እኔም የምተኛው ከዘይት ጀሪካንና ከሩዝ ከረጢት ጋር ነበር። የቤቱ እመቤት ሐጂያ ራሳቸው ናቸው አንድ ቀን ጠርተው «ሀራሙስ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ አንድ ቻይና ሠራተኛ ይፈልጋል። ሂጂ፣ እዚያ አልጋ አለ» ብለው የላኩኝ። አልጋ የሚለውን ቃል ስሰማ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ያኔ ከተማው ውስጥ ቻይና እንዳሁኑ አልበዛም። የእኔው አሠሪ ሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ሠላሳን የተጠጋ ነጋዴ ነበር። እዚህ አገር በፈረንሳይኛው ልማድ አሠሪ ሁሉ ሙሴ ነውና እኔም ሙሴ እለው ነበር። ጠዋት ወደብ ይወርዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል፤ በመካከሉ ስልኩ ከጆሮው አይለይም። ቤት የሚውሉት አባቱ ነበሩ። ሙሴ ሥራዬን ባስረዳኝ ጊዜ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ ካለ በኋላ በፈረንሳይኛ «ደግሞ አባዬን መጠበቅ» አለኝ። ሽማግሌ መጠበቅ ሕፃን ከመጠበቅ ይሻላል ብዬ ተጽናናሁ።

በመጀመሪያው ጠዋት የወጥ ቤቱን ወለል ስወለውል፣ ከኋላዬ «ቶሎ ቶሎ! አካፋ አምጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በአማርኛ። ክው ብዬ ዘወር ስል አንድ አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ በካናቴራና በቁምጣ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ። መወልወያው ከእጄ ወደቀ።

«አማርኛ ይችላሉ?» አልኳቸው።

«ትንሽ ትንሽ። እኔ መንገድ ሠራ። ወረታ። ደብረ ታቦር። ጨጨሆ!» ጨጨሆ ሲሉ ትከሻቸውን ሰብስበው ተንቀጠቀጡ። «ጨጨሆ ብርድ። ኡ!»

የጨጨሆን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሀራሙስ አገኛለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። ከወረታ ወልዲያ የሚወስደውን መንገድ ቻይናዎች እንደሠሩት በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም፤ አባቶቻችን ድንጋይ ፈልጠውበታል። ይህንኑ ብነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ጋይንት! በጌምድር፣ ጋይንት አውራጃ!» አሉ። «አንተ የመጣ መንገድ፣ የእኔ መንገድ!»

እውነታቸውን ነው፤ አገሬን ትቼ የወጣሁት እሳቸው በሠሩት መንገድ ነው። ግን በጌምድር ሲሉ ነው ደንገጥ ያልኩት። እኔ በጌምድርን የማውቀው ከሽማግሌ አፍ ብቻ ነው። ስወለድ ጎንደር ክፍለ ሀገር ተብሎ ነበር፤ ስሰደድ ደግሞ ደቡብ ጎንደር ዞን ሆኗል፤ አውራጃ የሚባለውም ቀርቷል። አገሬን በእናቴ የልጅነት ጊዜ ስሟ የሚጠራልኝ ሰው ከቻይና መጣልኝ።

አማርኛውን የተማሩት ከመንገድ ሠራተኞች፣ ከወንዶች መካከል ነውና እኔንም እንደ ወንድ ነበር የሚጠሩኝ። «የሺ፣ ና! የሺ፣ ብላ!» መጀመሪያ ላይ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ተውኩት። እንዲያውም «ና» ሲሉኝ ወንድሞቼ መካከል ያለሁ ይመስለኝ ጀመር። ምግባቸው የጉድ ነበር። ከሐጂያ ሱቅ ያመጣሁላቸውን በርበሬ ሩዝ ላይ፣ እንቁላል ላይ፣ አንድ ቀንማ ጠዋት በሻይ የሚነክሩት ዳቦ ላይ ሲነሰንሱት አየኋቸው። ልጃቸው በርበሬ አይወድም፤ ሽታው ልብሱ ላይ እንዳይቀር መስኮት ይከፍታል። አባባ ይህን ባዩ ቁጥር በዓይናቸው ጠቀስ ያደርጉኝ ነበር።

ጂቡቲን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫቱ ከገባ በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ጋደም ይላል፣ በረኛችን ዋይስም ጉንጩን ወጥሮ ከግድግዳው ጥላ ሥር ይሸጎጣል። እኔና አባባ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ነበርን። የባሕሩ ነፋስ የሚገባበት አንድ መስኮት አለ፤ በእሱ ፊት ለፊት ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው አባባ አገራቸውን የሠሩልኝ።

የሠሩት በጥራጥሬ ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት መሐል ያስቀምጣሉ፤ ይህ የአውራጃው ከተማ ነው። በግራና በቀኝ በጣታቸው ውሃ ነክረው ሁለት መስመር ያሰምራሉ፤ ወንዞቹ ናቸው። ድንቹ ተራራ፣ ቦሎቄው ወረዳ፣ ምስሩ መንደር። ከዚያ ታሪኩን ይጀምራሉ። ድሮ ድሮ አንድ የጦር አዛዥ ምሽግ ሠርቶ የቆረቆረው አገር ነው። አንዱ ንጉሥ አክብሮ ስም አወጣለት፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ገበሬው ግብር እምቢ ቢለው ተቆጥቶ ስሙን ሰርዞ ለጎረቤት አውራጃ ሰጠው። ይህን ሲናገሩ ነጭ ሽንኩርቱን ያነሱትና ኪሳቸው ይከቱታል። ከአንድ ትውልድ በኋላ አውራጃው ተመለሰ፤ ነጭ ሽንኩርቱም ከኪስ ወጣ። ከዚያ ንጉሥ ቀረ፤ ወረዳዎቹ እንደገና ተቆራረጡ። ከዚያ አብዮት መጣ፤ ወረዳው ኮምዩን፣ መንደሩ ብርጌድ ተባለ፤ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ ኮምዩንም ቀረና እንደገና ወረዳ ተባለ። በእያንዳንዱ ዘመን ቦሎቄዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ይበተናሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። እኔም በበኩሌ ጠቅላይ ግዛት፣ ክፍለ ሀገር፣ ዞን እያልኩ የእኛን እነግራቸዋለሁ። ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ መንደር ምሥረታ ተብሎ ከነቤታችን ከኮረብታው ወደ ሜዳው እንደወረድን ብነግራቸው፣ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው «አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓይነት» አሉ።

ይህን ሁሉ ያወቁበት ምክንያት ነበራቸው። ከኢትዮጵያ ሲመለሱ መንግሥት የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ውስጥ አስቀምጧቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው የወሰንና የስም ጉዳይ ነበር። አሮጌ ስም ሰርዘው አዲስ ይጽፋሉ፤ ማኅተም ይመታሉ። «ስንት ወረዳ በእኔ እጅ ሞተ» ይሉ ነበር እየሳቁ።

አንድ ቀን ሳላውቅ ከጠረጴዛው ዳር የቀረውን ቦሎቄ ሰብስቤ ሾርባ ውስጥ ጨመርኩት። ለካ ያልተነሳ አገር ኖሯል። አባባ ማንኪያቸውን ይዘው ሳህናቸውን ትኩር ብለው አዩና «የሺ፣ ይህ ምሥራቅ ወረዳ» አሉ። ከዚያ በሉት። እስኪያንቀን ሳቅን። እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን በስደት ዘመኔ ብዙ የለም።

በዚያው ሰሞን፣ እንዲያው ነገር ለማሟሟቅ፣ በእኛ አገር የሚባለውን ተረት ነገርኳቸው። «አገርህ የት ነው ቢሉት ገና አላገባሁም አለ» አልኳቸው። ለወንድ ልጅ አገሩ ያገባበት ነው ማለት እንደሆነ በእጅም በአፍም አስረዳኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱን የምስር ፍሬ፣ ከተራራው ድንች ሥር ያለችውን፣ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«እኔ አግብቷል» አሉ። «አገር እዚህ።»

ሚስታቸው ሹላን ትባል ነበር። ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አብረው ሳይኖሩ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው። እሳቸው ጨጨሆ ላይ ድንጋይ ሲፈነቅሉ እሷ እዚያ ሞተች። በበሽታ ነው፤ የትኛው በሽታ እንደሆነ በአማርኛ የሚሉት ቃል አልነበራቸውም፤ ሆዳቸውን ነው ያሳዩኝ። የሞተችው አበባ በሚያብብበት ወራት ሲሆን ደብዳቤው ጋይንት የደረሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። አልቀበሯትም፣ አላለቀሱባትም። ገና ዳዴ የሚል ልጅ ለአያቱ ትታ ነበር፤ ያ ልጅ የእኔ ሙሴ ነው።

«ጨጨሆ፣ ድንጋይ ሥር፣ ወረቀት አቃጠልኩ» አሉኝ። በእነሱ ዘንድ ለሞተ ሰው በየዓመቱ ወረቀት ይነድለታል፤ ወረቀቱ በወዲያኛው ዓለም ብር ይሆናል፣ ልብስ ይሆናል። በዚያን ዘመን አለቆቻቸው ይህን ልማድ ኋላ ቀር ነው ብለው ከልክለው ስለነበር፣ የሲጋራ ፓኮ ቀድደው ተደብቀው ነው ያቃጠሉት። አንድ የእኛ አገር ሠራተኛ ደረሰባቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቃቸውም፤ ቆቡን አውልቆ እሳቱ እስኪጠፋ አብሯቸው ቆመ። «ስሙን ረሳ» አሉ አባባ። እኔ ግን ሰውየው አባቴ ቢሆንስ እያልኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያ የወረቀት ቀናቸው የሚውለው በእኛ መጋቢት ማብቂያ ገደማ ነው፤ ጂቡቲ ብርድ የምትለው ነገር አልቆ ሙቀቱ ጥርሱን ማሳየት በሚጀምርበት ጊዜ። አባባ ሻካራ ወረቀት እንዳመጣላቸው ጠየቁኝና ሐጂያ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂያ ስኳር የሚጠቀልሉበትን ወረቀት እየቆጠሩልኝ «ለምን ፈለገው?» አሉኝ። «ለሞተች ሚስቱ ሊያቃጥልላት ነው» ብላቸው «አዑዙ ቢላህ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ግን መልሰው መቁጠር ጀመሩና «ይሁን፣ ውሰጂለት፤ የሞተ ተጎዳ» ብለው ጨመሩልኝ።

ወረቀቱ በጥቅል በጥቅል ይታሰራል፤ በየጥቅሉ ፊት ላይ አድራሻ ይጻፋል። ይህን ነው ሳየው የገረመኝ። ስሟ ብቻ አይበቃም። ጠቅላይ ግዛቱ፣ አውራጃው፣ ወረዳው፣ መንደሩ፣ መቃብሩ ያለበት ኮረብታ ሁሉ በተርታ ይጻፋል። አድራሻው ከተሳሳተ ጥቅሉ አይደርስም፤ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሙት የሚታሰበው በጸሎት እንጂ በወረቀት እንዳልሆነ ቄሱ አስተምረውኛል። ግን አባባ መነጽራቸውን አድርገው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ይዘው፣ እንደ ተማሪ ሲጽፉ ሳይ፣ እንዳይሳሳቱ እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ አባባ ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁት። የሚያወሩት በቻይንኛ ነው፤ እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር። ሙሴ ሩዙን ማኘኩን ቀጠለ። አባባ ደግመው ጠየቁት። ያኔ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ጥቂት ቃላት ተናገረ፤ ከዚያ ብዙ ተናገረ፤ ድምፁ እየቸኮለ ሄደ። አባባ የሚበሉበትን ሁለት እንጨት ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡና ተነሥተው ሄዱ። ሙሴ ብቻውን ቀረ። በርበሬ የተነሰነሰበትን የአባቱን ሩዝ ሲያየው ነበር።

በማግስቱ አባባ ወጥ ቤት መጡ። ጠረጴዛው ባዶ ነበር፤ ጥራጥሬውን አላወጡም።

«የሺ፣ ወረዳ የለም» አሉኝ።

«የት ሄደ?»

«ሌላ ወረዳ በላው።»

እኔ ይህን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠርኩትም፤ ሲበላላ የኖረ አገር ነው። «ይሁን እንጂ መሬቱ እኮ አለ፤ ስሙ ነው የተቀየረው» አልኳቸው።

«መሬት ውሃ ሆነ።»

ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። በላይኛው ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ሕዝቡ ተነሥቶ በየቦታው ሰፍሯል፤ ወረዳው ፈርሶ ለሌላ ተሰጥቷል። ለመቃብሮቹ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ዘመድ ያለው መጥቶ ዘመዱን ያነሣል። ያልተነሡትን መንግሥት በአንድነት አፍሶ በማዶ ባለ ኮረብታ ቀብሯቸዋል። የአጎታቸው ልጅ ለሙሴ በጊዜው ደውሎለት ነበር። ሙሴ ኮንቴነር እየጠበቀ ነበር። ሲደርስልኝ እሄዳለሁ፣ ሲደርስልኝ ለአባቴ እነግራለሁ ሲል ቀኑ አለፈ፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ መንገሩ ከበደው።

«ታዲያ በማዶ ባለው ኮረብታ የባለቤትዎ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም?» አልኳቸው።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንድ ላይ አፈሱ፤ ጥራጥሬ የሚያፍሱ ይመስል። ፊቴን ወደ ማጠቢያው አዞርኩ።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ አባባ ያን ሳምንት ሙሉ ሲያላምጡት የከረሙት። አድራሻው ላይ ምን ይጻፍ?

«ባለቤትዎ በሚያውቁት ስም ይጻፉላቸዋ» አልኳቸው። «ሲሞቱ በነበረው።»

«እሷ ኮምዩን ታውቃለች። ብርጌድ ታውቃለች። ሌላ አታውቅም» አሉ። «ግን የሚያደርስ ሹም አለ። ሹም አዲስ ስም ብቻ ያውቃል።»

«በሰማይም ሹም አለ?»

«አለ። ማኅተም አለው። እኔ ያውቃል፤ እኔ ሹም ነበር።»

ሳቄ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። እሳቸው አልሳቁም። ሰው ሁሉ ስም ተቀየረ ብሎ አቤት ሲላቸው «ስም ነው፤ መሬቱ አለ» ብለው ሲመልሱ መኖራቸውን ነገሩኝ። ቀደም ብዬ እኔም ያልኳቸው ይህንኑ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ ዘየዱ። በየጥቅሉ ላይ የተለያየ አድራሻ ይጽፋሉ፦ አንዱን በጥንቱ፣ አንዱን በኮምዩኑ፣ አንዱን እሳቸው ማኅተም በመቱበት ወረዳ፣ አንዱን ያን በበላው ወረዳ። ከእነዚህ አንዱ ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ አደረግኩ። አንዱ አይጠፋውም አልኩ። ወረቀቱን በክር ሳስር በልቤ እመቤቴን እለምናት ነበር፤ ለቻይና ሙት፣ ለማላውቃት ሴት።

የበዓሉ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቪላዎቹ አልፈን ባሕሩ ዳር ወረድን። ዋይስ እሳት ነገር ነው ብሎ የውሃ ጀሪካን ይዞ ተከተለን። አባባ በዱላ አሸዋው ላይ ሰፊ ክብ አሰመሩ፤ ወደ አገራቸው አቅጣጫ ባለው በኩል ለበር ያህል ክፍት ተዉለት። አገራቸው በየት በኩል እንደሆነ ዋይስን ብንጠይቀው እሱ የሚያውቀው የሚሰግድበትን አቅጣጫ፣ ቂብላን፣ ብቻ ነው፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለፀሐይዋ ሰጥተው ለኩት። ከዚያ ከክቡ ውጪ፣ ራቅ አድርገው፣ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ የወረቀት ክምር አስቀመጡ።

«ይህስ የማን ነው?» አልኳቸው።

«ቤት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው ሙት። ይራባል፣ ይሰርቃል። ለእሱ ትንሽ መስጠት። ከዚያ የእሷን አይነካም።»

መጀመሪያ ያን ለኮሱት። እሳቱ ከነፋሱ ጋር እየተጣላ ተያያዘ። ከዚያ ክቡ ውስጥ ተንበርክከው ጥቅሎቹን በተርታ ደረደሩና አንድ በአንድ እያነሱ አድራሻውን ጮክ ብለው አነበቡ። ስሞቹን አወቅኳቸው፤ በቦሎቄና በምስር ተምሬያቸዋለሁና። በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ ሹላን የሚለው ይሰማል። የመጨረሻውን አንብበው ክብሪት ጫሩ። ክብሪቱ ጣታቸው ድረስ ነደደ፤ ግን ወደ ወረቀቱ አልወሰዱትም።

ዓይናቸው ከክቡ ውጪ ያለው ትንሽ እሳት ላይ ነበር። ብዙ አዩት። ከዚያ አንዱን ጥቅል አነሱና አድራሻ የተጻፈበትን ልባስ ቀደዱለት። ባዶውን ወረቀት ይዘው ከክቡ ወጡና ትንሹ እሳት ላይ ጨመሩት። ተመለሱ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ።

«አባባ! ያ እኮ የሌሎቹ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ» አሉ ሳያዩኝ። «እሷም አሁን እዚያ ናት።»

ሁሉንም እዚያው ጨመሩት። ዋይስ ክንዴን ነካ አድርጎ «ማን ነው የሞተው?» አለኝ በሶማልኛ። «ሚስቱ» አልኩት። «አላህ ይዘንላት» አለ። ክቡ ባዶ አሸዋ ሆኖ ቀረ። አድራሻዎቹን ነፋሱ እያንከባለለ ወደ ባሕሩ ወሰዳቸው፤ ለማንሣት የሄደ ሰው አልነበረም። ቀና ስል ሙሴ መንገዱ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ከነጫማው፣ አሸዋው መጀመሪያ ላይ ቆሟል። እጆቹ በጎኑ ተንጠልጥለዋል። አባቱ በአጠገቡ አለፉ።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አገር አልተሠራም። ቦሎቄውን እንደ ማንኛውም ቦሎቄ ቀቀልኩት። ሙቀቱ ገባ፤ የሙቀቱ ወር ከገባ ሀራሙስም ቢሆን ሲኦል ነው፤ ባሕሩ ራሱ ይተነፍስብሃል። አባባ አማርኛውንም እየተዉት መጡ። «ብላ» ማለት ቀረ። በርበሬውን ሳቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ ያደርጉት ነበር። አንዳንዴ አሳስቃቸዋለሁ ብዬ እኔው ራሴ «ቶሎ ቶሎ፣ አካፋ አምጣ!» እላቸው ነበር፤ ለጨዋነት ፈገግ ይሉና መልሰው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ሰው ሲሞት የሚያለቅስ አይቻለሁ። የሞተው ሁለተኛ ሲሞትበት ምን እንደሚያደርግ ግን ያየሁት በእሳቸው ነው፤ ምንም አያደርግም።

በመስከረም ሙሴ ወደ አገራቸው ላካቸው፤ ኖረውበት በማያውቁት ትልቅ ከተማ፣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ። የውጪው በር ላይ ተሰናበትኳቸው። «አገርዎ በሰላም ይግቡ፣ አባባ» አልኳቸው፤ ሌላ ምን ይባላል? «አገር የለም፣ የሺ። ፎቅ አለ» አሉኝ። ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ሙሴ ነገረኝ። የት እንደተቀበሩ ጠየቅኩት። አመዳቸው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠና የራሱ ቁጥር እንዳለው ነገረኝ። ቁጥሩ የማይጠፋ መሆኑ እሱን ያጽናናው ነበር። እኔም አዎ፣ ደግ ነው አልኩት። ብዙም ሳልቆይ ያን ቤት ለቀቅኩ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩ የእሳቸው ብቻ መስሎኝ ነበር ያዘንኩላቸው። የቻይና መንግሥት ትልቅ ነው፣ ግድቡ ትልቅ ነው፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም እል ነበር። አሁን እድሜዬ ወደ ሃምሳው አዘንብሏል። እኛ ጋ ውሃ አልመጣም፤ ግን ሰው አለቀ፤ የቀረውም ወጣ። እናቴ በተቀበረችበት ደብር የሚያስቀድሱት ጥቂት አሮጊቶች እንደሆኑ እህቴ ነግራኛለች። የእናቴን መቃብር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ማን ያውቃል? ስም ነው፤ መሬቱ አለ እያልኩ ልጽናና ሞከርኩ፤ ይህን ቃል ከማን አፍ እንደሰማሁት ትዝ ሲለኝ ተውኩት። መጽናኛ የለኝም። ያለኝን ነው የምናገረው።

ያን ዕለት፣ ከእህቴ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ፣ ጥላው ወደ ግድግዳው ሲሸሽ ሊዲያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ስልኳን እየነካካች ነበር። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ «ሊዲያ፣ እኔ ስሞት አገሬ ልውሰዳት ብለሽ እንዳትደክሚ። እዚሁ ቅበሪኝ» አልኳት።

ሰው እንዲህ ሲል ልቡ ሌላ ነው። «አይሆንም ማማ፣ እወስድሻለሁ» እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት። ብትቆጣኝም ይበቃኝ ነበር።

«እሺ» አለችኝ፣ ዳቦ ግዢ ስላት እንደምትለው። አገርሽ የት ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።